"ቀንሶለታል" አይበቃም፦ በሕፃናት ስፓዝም ሕክምና ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሕፃኑ ከእንቅልፉ እንደነቃ ድንገት አንገቱን ይደፋል፣ እጆቹን ይወረውራል። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል፣ ደግሞ ይደግመዋል፣ አንዳንዴ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ይህ የሕፃናት ስፓዝም የሚባል የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። ቤተሰብ "ሆዱን ቆርጦት ነው፣ ያልፍለታል" እያለ ሳምንታት ያልፋሉ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የልጁ አእምሮ እድገት ይበልጥ የመጎዳት ዕድል አለው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ሐኪም ፊት ላያደርገው ስለሚችል በስልካችሁ ቅረጹትና የዚያኑ ቀን ይዛችሁት ሂዱ። ዌስት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1841 እ.ኤ.አ. ይህን በገዛ ልጁ ላይ ያየውን ሲጽፍ፣ አልቅትም ኦፒየምም ሞክሮ ጠብ ያለ ነገር አላገኘም። ዛሬ የሚሠራ መድኃኒት እያለ መጠበቅ ምን የሚሉት ነው?

"የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሁሉ ያው ነው" ማለትም አለ። አይደለም። ፊኖባርቢታልና ፊኒቶይን እዚህ ላይ እምብዛም አይረዱም፣ ካርባማዘፒን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። ቀድመው የሚታሰቡት በመርፌ የሚሰጠው ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን፣ በአፍ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን እና ቪጋባትሪን ናቸው። ቲዩበረስ ስክለሮሲስ (በአንጎልና በሌሎች አካላት ላይ እባጮች የሚያወጣ የዘረመል በሽታ) ላለበት ልጅ ቪጋባትሪን ይቀድማል።

ሦስተኛው ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ሕፃኑ ፊቱ ያብጣል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጡት አይበቃውም፤ ወላጅም አንጀቱ አልችል ብሎት መጠኑን በራሱ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ያቆመዋል። ሲያዩት ያሳዝናል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ዘንግቶ ስለቆየ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሊገጥመው ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ ሐኪሙ በሚሰጠው ፕሮግራም ብቻ ነው። እስከዚያው የደም ግፊቱና ስኳሩ ይለካ። ትኩሳት ካያችሁ አትጠብቁ። ክትባት ሲደርስ ስቴሮይድ እየወሰደ መሆኑን ተናገሩ፣ ሕያው ተዋሲያን ያሉባቸው ክትባቶች መቆየት አለባቸውና።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ይሄኛው ነው፦ በቀን መቶ ጊዜ የነበረው ወደ አሥር ሲወርድ "ተመስገን፣ ቀንሶለታል" ብሎ መርካት። እዚህ በሽታ ላይ ግቡ መቀነስ ሳይሆን ጭራሽ መቆም ነው፣ የአንጎል ሞገዱም መስተካከል አለበት። ስለዚህ ሕክምናው ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ እንቅልፍ ያለበት ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ ምርመራ) እንዲነሳ ጠይቁ፤ ስፓዝሙ ካልቆመ "ትንሽ እንይ" ሳይባል ሌላው መድኃኒት መሞከር አለበት። የሆርሞን ሕክምናውን (ኤሲቲኤች ወይም ፕሬድኒሶሎን) እና ቪጋባትሪንን ከመጀመሪያው አንድ ላይ የሚሰጡ ሐኪሞችም አሉ። አንድ ትልቅ ጥናት በዚህ መንገድ ስፓዝሙ የቆመላቸው ልጆች በቁጥር እንደሚበልጡ አሳይቷል፣ በ18 ወራቸው ግን በእድገታቸው ላይ ልዩነት አልታየም።

ቪጋባትሪን የጎን እይታን ለዘለቄታው ሊቀንስ ይችላል፣ አደጋውም በተወሰደበት ጊዜ ርዝመት ይጨምራል። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን እምቢ ማለት ስህተት ነው፤ ስፓዝሙ ቆሞ እያለ ማንም ሳይጠይቅ ለዓመታት መቀጠልም እንደዚያው። "መቼ ነው የሚቆመው?" ብላችሁ ገና ሲጀመር ጠይቁ።

ከቆመ በኋላ ተመልሶ መምጣቱም ያጋጥማል። ያቺን የአንገት መድፋት እንደገና ካያችኋት፣ አንዴም ብትሆን፣ ቀጠሮ አትጠብቁ።