የቱዩብ ጊታር አምፕ ከኪት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ምን ላምጣልህ ብትለኝ ጫማ ማለት ሲገባኝ የአምፕ ኪት አልኳት፣ የጊታር ድምፅ ማጉያ ማለት ነው፣ ተበትኖ መጥቶ ራስህ የምትገጥመው። እሷም ትንሽ የሬዲዮ እቃ ነገር መስሏት እሺ አለች፣ ከዛ ካርቶኑ ሲደርሳት ሁለት ትራንስፎርመር ስላለው የሻንጣዋን ኪሎ በላው፣ እስካሁን ትወቅሰኛለች። እሱን ከጨረስኩ በኋላ ለጓደኛዬም አንድ ሰራሁለት። ሙያዬ አይደለም፣ ግን ሰው የት የት ጋ እንደሚሳሳት አውቃለሁ ምክንያቱም አብዛኛውን እኔው ተሳስቼዋለሁ። መግጠሙ ሶስት አራት ማታ ነው የሚፈጀው፣ ዋናው ስራ ግን ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት ያለው መለካት ነው፣ እሱን የዘለለ ሰው ነው እቃ የሚያቃጥለው።

እዚህ የማወራው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ስለተሰራው ስለ ፌንደር ካምፓኒ ትንሽ አምፕ፣ ስለ ቻምፕ 5ኤፍ1 ሰርኪት ነው፣ ብዙ ኪት ሻጮች እሱኑ ነው ኮፒ አርገው የሚሸጡት። ሶስት ቱዩብ (አየር የወጣለት የመስታወት ቫልቭ) ብቻ ነው ያለው፣ 12ኤኤክስ7 ከጊታሩ የሚመጣውን ትንሽ ሲግናል ያጎላል፣ 6ቪ6 ስፒከሩን ይነዳል፣ 5ዋይ3 ደግሞ አቅጣጫው የሚቀያየረውን የግድግዳ ኮረንቲ (ኤሲ) በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ (ዲሲ) ይቀይራል። ቤዝ የለ ትሬብል የለ፣ አንድ የቮሊዩም ቁልፍ ብቻ። 5 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው፣ 5 ዋት ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሙሉ ከከፈታችሁት ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ከሁሉ በፊት ስለ ኮረንቲው

ይሄ እንደ ሞባይል ቻርጀር 5 ቮልት አይደለም። ውስጡ ከ340 ቮልት በላይ ዲሲ አለ፣ ሰው ይገላል። የባሰው ደግሞ ስፒናውን ነቅላችሁም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ኮረንቲው ይቀመጣል። እኔ የመጀመሪያ ቀን አጥፍቼ ነቅዬ አለቀ ብዬ እጄን ሰደድኩ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አንዘረዘረኝ፣ ያዳነኝ ሌላው እጄ ብረቱን ስላልነካ ነው። ስለዚህ ሁለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ አዘጋጁና መሀሉ ላይ 10 ኪሎ ኦም የሆነ 5 ዋት ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገድብ እቃ) በሶልደር፣ ማለትም በሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ፣ አስገቡ፣ በደንብ በፕላስቲክ ጠቅልሉት። በነካችሁት ቁጥር መጀመሪያ ትነቅላላችሁ፣ አንዱን ጫፍ ሻሲው (ሁሉ ነገር የሚታሰርበት ብረት) ላይ ሌላውን የካፓሲተሩ ፕላስ ላይ ጥቂት ሰከንድ ትይዛላችሁ፣ ከዛ በመልቲሜትር ለክታችሁ ወደ ዜሮ መውረዱን ታያላችሁ። በካቻቢቴ ሾርት እያረጉ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ፣ ይፈነዳል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል፣ አታርጉት። በርቶ ስትለኩ ደግሞ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ ጥቁሩን የመልቲሜትር ሽቦ ሻሲው ላይ ቆንጥጣችሁ በቀዩ ብቻ ነው የምትሰሩት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ በሩን ዝጉ።

የትራንስፎርመሩ ነገር

ኪት ስታዙ ወይ ሰው ስታስመጡ ይሄን አንብቡት፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካ ኪት ብዙ ጊዜ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ብቻ ነው፣ የኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከሰካችሁት ያው አለቀ። ቮልቴጅ ዝቅ የሚያረገውን ሳጥን ገዝቼ እጠቀማለሁ የሚል ሰው ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይቀይረውም፣ ለ60 የተሰራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሰራ በጣም ይሞቃል፣ ለአንድ ሰአት ይችል ይሆናል ለአመት ግን አላምነውም። የሚሻለው ከመጀመሪያው 120ም 230ም 240ም መግቢያ ያለውን አለም አቀፍ ትራንስፎርመር ማዘዝ ነው፣ ትንሽ ነው የሚጨምረው። 230ው ላይ አስሩት፣ የማትጠቀሙበትን ሽቦ ጫፉን ሸፍናችሁ እሰሩት እንጂ አትቁረጡት። ፊውዙም እንደዛው፣ መመሪያው ለ120 ቮልት 2 አምፒር ካለ ለ220 ግማሹ 1 አምፒር ነው የሚሆነው፣ ስሎው ብሎው የሚባለውን፣ ቶሎ የማይቃጠለውን አይነት።

ግራውንድ (የመሬት መስመር) ደግሞ አለ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሻሲው ላይ በራሱ ቡሎን ጥብቅ ብሎ መታሰር አለበት። የቤታችሁ ሶኬት ግራውንድ ከሌለው መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ እሱን አሰሩ፣ ጊታሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ገመዱ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ነው፣ የሆነ ነገር ሾርት ካረገ የሚሄደው በናንተ በኩል ነው።

እቃ መቁጠር

40 ወይም 60 ዋት ሶልደሪንግ አይረን፣ መልቲሜትር፣ ፒንሳ፣ የሽቦ መላጫና ካቻቢቴ ይበቃችኋል። ሶልደሩ 60/40 ወይም 63/37 የሚለው ለኤሌክትሮኒክስ የተሰራው ይሁን፣ ለቧንቧ የሚሸጠው ውስጡ አሲድ አለው፣ ከወራት በኋላ ሽቦውን ይበላዋል። እርሳስ የሚባለው ብረት ስላለበት ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ መስኮትም ክፈቱ፣ ጭሱ እንደ እጣን ደስ የሚል ሽታ ቢኖረውም ለሳንባ አይመከርም።

ከዛ እቃውን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ሬዚስተሮቹን እያንዳንዳቸውን በመልቲሜትር ለክታችሁ ዋጋቸውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እዛው ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው። ቀለሙን አያለሁ ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ 22 ኪሎው ቀይ ቀይ ብርቱካን ነው፣ 220 ኪሎው ቀይ ቀይ ቢጫ ነው፣ ማታ በቢጫ መብራት ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ይሄ ኪት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ። እኔ አቀያይሬያቸው ሁለት ቀን ፈልጌያለሁ።

መግጠም

መጀመሪያ ሻሲው ላይ የሚታሰሩትን ነው፣ ማለትም የቱዩብ ሶኬቶቹን፣ ጃኮቹን (ገመድ የሚሰካባቸውን)፣ ቮሊዩሙን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ መጨረሻ ላይ ትራንስፎርመሮቹን ታስራላችሁ፣ ምክንያቱም ትራንስፎርመር ከታሰረ በኋላ ሻሲውን ማገላበጥ የሲሚንቶ ብሎኬት እንደማገላበጥ ነው። ሽቦ ብረቱን የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማዋን አትርሱ፣ ካልሆነ የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይልጠዋል።

የሶኬት እግሮች ቁጥር የሚቆጠረው ከታች በኩል ሲታይ በሰአት አቅጣጫ ነው። ከላይ እያያችሁ ከቆጠራችሁ ሁሉም ይገለበጣል። እኔ ቁጥሮቹን ሶኬቱ ዙሪያ ሻሲው ላይ በማርከር ጽፌያቸዋለሁ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ብዙ ስህተት ያድናል።

ቀጥሎ የማሞቂያው ሽቦ፣ ቱዩቡን ቀይ አርጎ የሚያሞቀው 6.3 ቮልት ኤሲ። ሁለቱን ሽቦ እንደ ሹሩባ ጥብቅ አርጋችሁ ጎንጉኗቸው፣ የሻሲውን ጥግ ይዘው ይሂዱ። 6ቪ6 ላይ እግር 2 እና 7፣ 12ኤኤክስ7 ላይ ደግሞ 4 እና 5 አንድ ላይ ተያይዘው አንዱ ሽቦ እዛ፣ ሌላው 9 ላይ። ይሄን ለይስሙላ ከሰራችሁት አምፑ እድሜውን ሙሉ እምምም ይላል። ትራንስፎርመሩ የመሀል ሽቦ ከሌለው ከሁለቱ ሽቦዎች ከእያንዳንዱ ወደ ግራውንድ አንድ አንድ 100 ኦም ሬዚስተር አርጉ፣ እምምታው በጣም ይቀንሳል። 5ዋይ3 ግን የራሱ 5 ቮልት አለው፣ 2 እና 8 ላይ፣ ይሄን ከሌላው እንዳታደባልቁት፣ ስሙ 5 ቮልት ነው እንጂ አምፑ ሲሰራ ሙሉው 340 ምናምን ቮልት የሚቀመጥበት እሱ ላይ ነው።

ከዛ ቦርዱ፣ ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ የሚቀመጡበት። ሶልደር ስታረጉ መጀመሪያ እግሩንና ሽቦውን አሙቁ፣ ሶልደሩን የሞቀው እቃ ላይ ንኩት እንጂ አይረኑ ላይ አቅልጣችሁ እንደ ቅቤ አትቀቡት። ጥሩው የሚያብረቀርቅና ተዳፋት የሆነ ነው፣ ኳስ ሆኖ የተቀመጠ ካያችሁ ውስጡ አልያዘም። ፕላስና ማይነስ ያላቸውን ካፓሲተሮች ሁለት ጊዜ እዩ፣ ተገልብጦ የገባ ይፈነዳል። ከግቤት ጃኩ ወደ 12ኤኤክስ7 የሚሄደው ሽቦ አጭር ይሁን፣ ከማሞቂያውና ከመብራቱ ሽቦ ራቅ ይበል። እያንዳንዱን ሽቦ ስትጨርሱ የኪቱ የሽቦ ስእል ላይ በሃይላይተር ቀለም አርጉበት፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ የት እንደደረሳችሁ ታውቃላችሁ።

ከመክፈት በፊት

ቱዩብ የለም፣ ስፒና የለም። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አርጋችሁ ከመጀመሪያው ትልቅ ካፓሲተር ፕላስ ወደ ሻሲ ለኩ፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ እየጨመረ መሄድ አለበት፣ ዜሮ አካባቢ ከቆመ ሾርት አለ፣ ፈልጉት። ከስፒናው የግራውንድ እግር እስከ ሻሲው ደግሞ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከዛ በማግስቱ፣ አደራ በማግስቱ፣ ጠዋት በብርሃን ስእሉን ይዛችሁ ሁሉንም ሽቦ እንደገና ተከተሉ። እኔ ሌሊት 7 ሰአት ላይ ትክክል ነው ያልኩት ጠዋት ላይ ሁለት ስህተት ተገኝቶበታል።

አሁን አምፖሉ። የድሮውን ክር ያለው አምፖል 60 ወይም 100 ዋት ፈልጉ፣ ኤል ኢ ዲ ወይም ኢነርጂ ሴቨር አይሰራም። አምፖሉን ከአምፑ መስመር ጋር በተከታታይ አርጋችሁ ሶኬት ያለው ሳጥን ትሰራላችሁ፣ ኮረንቲው አምፖሉን አልፎ ነው ወደ አምፑ የሚደርሰው ማለት ነው። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ትራንስፎርመሩ ግን ይተርፋል። ጤነኛ ከሆነ ለቅጽበት በራ ብሎ ወደ ደብዛዛ ይወርዳል። የአንድ አምፖል ዋጋ ነው፣ ትራንስፎርመር ግን ከውጭ እስኪመጣ ወር ይፈጃል።

ያለ ቱዩብ ክፈቱና ማሞቂያውን ለኩ፣ ከ6.3 ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ጭነት ስለሌለው ነው። 5ዋይ3 ሶኬት ላይ 4 እና 6 እያንዳንዳቸው ወደ ሻሲ ከ300 ቮልት በላይ ኤሲ ማሳየት አለባቸው፣ እኩልም መሆን አለባቸው። ትክክል ከሆነ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ስፒከሩን ሰክታችሁ ሶስቱንም ቱዩብ አንድ ላይ አስገቡ። 5ዋይ3ን ብቻውን አስገብታችሁ እንዳትከፍቱ፣ ኮረንቲውን የሚበላለት ስለሌለ ቮልቴጁ ካፓሲተሩ ከሚችለው 450 ሊያልፍ ይችላል። ያለ ስፒከርም በፍጹም አትክፈቱ፣ የመውጫው ትራንስፎርመር (ወደ ስፒከሩ የሚሄደው) ይቃጠላል።

ቱዩቦቹ ውስጥ ፍም ሲመጣ ታያላችሁ፣ እኔ እዛ ጋ መብራቱን አጥፍቼ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፣ ብታረጉት አይፈረድባችሁም። ጭስ ከሌለና አምፖሉ ደብዛዛ ከሆነ አጥፍታችሁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ለኩ። 6ቪ6 እግር 3 ላይ 340 አካባቢ፣ እግር 8 ላይ 19 አካባቢ። 19ን ለ470 ኦሙ ሬዚስተር አካፍሉት፣ 40 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው፣ ይሄን በቀረው 321 ቮልት ስታባዙት 13 ዋት ገደማ ይመጣል፣ 6ቪ6 የሚችለው 14 ስለሆነ ልክ ነው። ከ14 ካለፈ ወይም ውስጡ ያለው ብረት ራሱ ከቀላ ወዲያው አጥፉ። 12ኤኤክስ7 ላይ እግር 1 እና 6 ከ150 እስከ 200 መካከል ከሆኑ ጥሩ ነው።

ቮሊዩሙን ቀስ አርጋችሁ ክፈቱ። ጊታር ሳትነኩ እንደ ሲረን ከጮኸባችሁ አትደንግጡ፣ እኔ ደንግጬ ገመዱን ስነቅል ወንበር ነው የገለበጥኩት። ከስፒከሩ ወደ 12ኤኤክስ7ው ሁለተኛ ክፍል በ22 ኪሎው ሬዚስተር የሚመለስ ሲግናል አለ፣ ድምፁን ማረጋጋት ያለበት ነው፣ የመውጫው ትራንስፎርመር ሽቦዎች ከተቀያየሩ ግን ያባብሰዋል። ነቅላችሁ፣ ካፓሲተሩን ባዶ አርጋችሁ፣ የመውጫውን ትራንስፎርመር ሁለት መግቢያ ሽቦዎች፣ ወደ 6ቪ6 እግር 3 የሚሄደውንና ወደ ትልቁ ካፓሲተር ፕላስ የሚሄደውን፣ አቀያይሯቸው፣ ዝም ይላል። ጩኸት ሳይሆን እምምታ ከሆነ ደግሞ ቮሊዩሙን ዜሮ አርጉት፣ ከጠፋ ችግሩ ግቤቱ ጋ ነው፣ ካልጠፋ ማሞቂያው ወይም ግራውንዱ ጋ ፈልጉ።

ጀርባውን ከመዝጋታችሁ በፊት ቮሊዩሙን ግማሽ አርጋችሁ ቱዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አርጓቸው። 12ኤኤክስ7ው ትንሽ ኪን ኪን ቢል ያለ ነው፣ እንደ ደወል የሚጮህ ከሆነ ግን ሌላ ለውጡበት፣ እኔ ለዚህ ብዬ አንድ ትርፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ።