የወገብ ሕመምና ሳያቲካ፦ በእንቅስቃሴ ሲታከሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወገቡን የሚያመው ሰው ጅማ ውስጥ ብዙ ነው። መርካቶ የቡና ጆንያ ሲያወርዱ የሚውሉ ወጣቶች አሉ። በርጩማ ላይ አጎንብሰው ቡና ሲለቅሙ የሚውሉ እናቶች አሉ። በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጩ የሚመሹ የባጃጅ ሾፌሮች አሉ። አንድ ቀን ወገብ ይይዛል፣ ሕመሙም በእግር ቁልቁል ይወርዳል። ያኔ ከየአቅጣጫው «ስፖርት ሥራ» የሚል ምክር ይመጣል። ምክሩ ትክክል ነው። የትኛው ስፖርት፣ እንዴት፣ መቼ የሚለውን የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው።

ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ውስጥ ትልቁ ነርቭ ነው። ከታችኛው አከርካሪ ከሚወጡ የነርቭ ሥሮች ይሠራል። በመቀመጫ ውስጥ አልፎ በጭን ጀርባ በኩል ይወርዳል፤ ቅርንጫፎቹ እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። ከሥሮቹ አንዱ ሲጫን ወይም ሲቆጣ እግር ይነዝራል፣ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፤ ሳያቲካ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው የተንሸራተተ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ክፍል ነው።

እስኪያልፍ ድረስ መተኛት

ሕመሙ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያለ ነው። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻን ያደክማል፣ ወገብን ያደርቃል፣ መንቀሳቀስንም ያስፈራል። ቤተሰብ በፍቅር «አይነሱ፣ እኛ እናመጣለን» ሲል ሳያውቅ ይጎዳል። ቤት ውስጥም ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው ጥቂት ይራመዱ። ድንገት የሚነሳ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ሳያቲካ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ዘገየ ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

እግር የሚናገረውን አለመስማት

ከሁሉም ስህተቶች ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሰው ስፖርቱን የሚመዝነው ወገቡን እያየ ነው። ወገቡን ትንሽ ካመመው ያቆማል፤ ወገቡ ዝም ካለ ይቀጥላል። ሳያቲካ ላለበት ሰው መለኪያው እግር ነው።

ሕመሙ ከእግር ጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ እየወጣ ወገብ ላይ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው። ወገቡ ለጊዜው ቢብስ እንኳ ጥሩ ነው። በተቃራኒው ወገብ ቀለል ብሎ እግር ወደታች መንዘር ከጀመረ ያ እንቅስቃሴ ለእርስዎ አይሆንም። ወዲያው ይተዉት።

ይህን ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ ታካሚው የራስጌው ክፍል ከፍ ባለ የሕክምና አልጋ ላይ በአጋጣሚ በሆዱ ተኛ። ወገቡ ወደኋላ ተለምጦ ለደቂቃዎች ቆየ። ሲነሳ ለሳምንታት ያሰቃየው የእግር ሕመም ለቆታል። ዛሬ ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያዙት ስፖርት ከዚያ የመጣ ነው። መጀመሪያ በሆድ ተኝቶ መቆየት፤ ቀጥሎ በክርን መደገፍ፤ ከዚያ ዳሌን ሳያነሱ በእጅ እየገፉ ደረትን ማንሳት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፉት እግርዎ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ቋንጃን በኃይል መሳብ

ጭን ከኋላ ሲወጠር «ጅማት አጥሮ ነው» ይባላል። ከዚያ ጉልበት ሳይታጠፍ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካት ይጀመራል። ሳያቲካ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጠረው የተቆጣው ነርቭ ነው። ነርቭ ደግሞ ተስቦ መቆየትን አይወድም። ሲስቡት ባትዎና እግርዎ ከነዘረ ይተዉት። በምትኩ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ጉልበትዎን ቀስ ብለው ዘርግተው ወዲያው ይመልሱ። ሳይጨርሱ፣ ሳያቆዩ፣ ሕመም ሳይቀሰቅሱ።

ከእንቅልፍ እንደተነሱ መጎንበስ

ሌሊት ስንተኛ ዲስኮች ውሃ ይመጥጣሉ። ጠዋት ቁመታችን ከማታው በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጠውም ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ሲጎነበስበት ጫናው ይበዛል። ስለዚህ ጠዋት ተነስቶ ወዲያው ሆድን እያጠፉ መነሳትና መተኛት መሥራት ወይም ጎንበስ ብሎ ግቢ መጥረግ መጥፎ ሰዓት መምረጥ ነው።

ለሱብሂ የሚነሱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ከአልጋ ሲወርዱ በጎን ተገልብጠው በእጅ ተደግፈው ይነሱ። ውዱእ ሲያደርጉ ወገብን ከማጠፍ እግርን ከፍ ያለ ነገር ላይ ያድርጉ። ከሶላቱ በፊት ጥቂት ይራመዱ። ሕመሙ ከባድ በሆነበት ሰሞን ሱጁድ ካቃተዎት ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይፈቀዳል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙም ስግደቱን እስኪሻላቸው ድረስ የንስሐ አባታቸውን አማክረው ሊያቀሉት ይችላሉ።

የሌላውን ሰው ስፖርት መቅዳት

ጎረቤትዎን ያዳነው እንቅስቃሴ የእርስዎን ሕመም ሊያባብስ ይችላል። ዲስክ የተንሸራተተበት ወጣት ብዙ ጊዜ መቀመጥና መጎንበስ ያመዋል፤ መራመድና ወደኋላ መለመጥ ይሻለዋል። የነርቭ መተላለፊያቸው የጠበበ አረጋውያን ደግሞ ተቃራኒው ናቸው። ሲቆሙና ሲራመዱ እግራቸው ይዝላል፤ ሲቀመጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይቀልላቸዋል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ደህና ሆነው ቁልቁለቱ ላይ የሚቸገሩ አባት ካሉዎት ይህን ይጠርጥሩ። ዳገት ወደፊት ያጎነብሳል፣ ቁልቁለት ወደኋላ ይለምጣል። ለእኚህ አባት ከላይ የነገርኳችሁ በሆድ ተኝቶ ደረት ማንሳት አይሆንም። በጀርባ ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው መሳብ ይሻላቸዋል። ቲክቶክ ላይ የሚያስተምረው ሰው የትኛው እንደሆናችሁ አያውቅም።

ወረቀት ፈርቶ መቀመጥ

ኤም.አር.አይ. ተነስተው «ዲስክ ወጥቷል» ሲባሉ ሕይወታቸውን የሚያቆሙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን ሰዎች ፎቶ ሰብስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 30 በመቶው፣ በ50 ካሉት 60 በመቶው ዲስካቸው አብጦ ተገኝቷል። የወጣ ዲስክ ደግሞ በጊዜ ራሱ ሊሟሽሽ ይችላል። የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቆ መዋልም እንዲሁ ስህተት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን አይመክርም፣ እንቅስቃሴን ይመክራል።

ስፖርት የማይመለከተውን ሕመም በስፖርት መግፋት

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ነገ አይበሉ። የእግር ፊት አልነሳ ብሎ መሬት ከጎተተም ሳይውል ሳያድር ይታዩ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት ለሚጠጡና ከብት ለሚያረቡ ሰዎች ከከብት የሚተላለፍ ብሩሴላ የሚባል ሕመምም አለ። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ በማሸትና በስፖርት ግን አይድኑም። ከዛፍ ወይም ከጭነት መኪና ወድቆ ወገቡን ያመመውን ሰውም ወጌሻ ከመንካቱ በፊት ራጅ ያስነሱት።

ሲሻል መተው

የወገብ ሕመም ተመላላሽ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ይህን በእግር ጉዞ ሞክሮታል። ግማሾቹ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን እስከ 30 ደቂቃ እንዲራመዱ ተመከሩ። በእነዚህ ላይ ሕመሙ የተመለሰው በመካከለኛ ግምት ከ208 ቀን በኋላ ነው፤ ባልተመከሩት ላይ ከ112 ቀን በኋላ። ይህ የሚጠይቀው ምቹ ጫማ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር በሳምንት ጥቂት ቀን በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው መቀመጫን ማንሳት፣ በእጅና በጉልበት ሆነው ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ መቆየት፣ ከዚያ መቀያየር ይጨምሩበት። በክረምት የጅማ ዝናብና ጭቃ ካላስወጣዎት በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለትም ይቆጠራል።