በጸደይ መግቢያ የወፍ ጉብኝት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ብርዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ጸደዩም በቅጡ ሳይገባ፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በየፓርኩ በመሪ የሚካሄዱ የወፍ ጉብኝቶች አሉ። ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ በሚገኘው የሀንትሊ ሜዶውስ ረግረግ ሰኞ ማለዳ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የዳይክ ማርሽ ረግረግ ደግሞ እሑድ ማለዳ በጎ ፈቃደኞች የመጣውን ሁሉ ተቀብለው ያስጎበኛሉ። ክፍያ የለውም፤ ቀድሞ የተገኘ ዕውቀትም አይጠየቅም። ይህ ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች በቅርብ ርቀት እያለ፣ እኔ እስከማየው ድረስ የአገራችን ሰው በእነዚህ ጉብኝቶች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ከመጡትም አንድ ቀን ውለው የሚቀሩ አሉ። ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ አይመስለኝም። ቀድመው ቢያውቋቸው በቀላሉ ሊያስወግዷቸው የሚችሉ ስህተቶች ናቸው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጡት።

ከሁሉም የሚከብደው ስህተት «ወፍ የሚታየው በሜይ ነው» ብሎ የጸደዩን መግቢያ ማሳለፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ዋርብለር የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ትናንሽ ወፎች በብዛት የሚያልፉት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው፤ ልምድ ያላቸው ተመልካቾችም ያን ጊዜ በጉጉት ይጠብቁታል። ለጀማሪ ግን ሜይ እጅግ አስቸጋሪ ወር ነው። ዛፎቹ ቅጠል ለብሰዋል፤ ወፎቹ ትናንሽና ፈጣኖች ናቸው፤ ብዙ ዓይነት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ መሪው የአንዱን ስም ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው መጥቶ ይሄዳል። በማርች ግን ቅርንጫፉ ባዶ ስለሆነ ግንደ ቆርቁር ከዛፉ ሥር ተነሥቶ እስከ ጫፉ ሲወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከታተል ይቻላል። ዳክዬዎቹ በገላጣው ውኃ ላይ ረጋ ብለው ስለሚመገቡ ተመልካቹ መልካቸውን፣ የምንቃራቸውን ቅርፅና የጭራቸውን ርዝመት በቂ ጊዜ ወስዶ ማጥናት ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው የማይለዩት ካርዲናል፣ ካሮላይና ሬንና ቲትማውስም መንገደኞቹ ከደቡብ ከመምጣታቸው በፊት መዘመር ስለሚጀምሩ ድምፃቸው ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የእነዚህን የጥቂቶቹን ድምፅ በማርች ለይቶ ያወቀ ሰው፣ በሜይ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ እንግዳ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ በማርች ያልተማረ ግን በሜይ ሁሉም ድምፅ አንድ ይሆንበታል።

ከዳክዬዎቹ መካከል ኖርዘርን ፒንቴልና ኖርዘርን ሾቨለር የሚባሉት በተለይ የእኛን ሰው ትኩረት ቢስቡ ደስ ይለኛል። እነዚሁ ሁለት ዝርያዎች ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው የብርዱን ወራት በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ያሳልፋሉና፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው በቨርጂኒያ ረግረግ ውስጥ የሚያገኛቸው የመጡበት መንገድ የተለያየ ይሁን እንጂ በልጅነቱ ያያቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ስህተት ብርቅዬውን ብቻ እየፈለጉ የተለመደውን ወፍ መናቅ ነው። ሬድ ዊንግድ ብላክበርድ በረግረጉ ውስጥ በየሸንበቆው ላይ ስለሚገኝ ብዙዎች አንድ ጊዜ አይተውት ያልፋሉ። ሆኖም በጸደይ መግቢያ ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር ወፍ ማግኘት ከባድ ነው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ደርሰው የየራሳቸውን ድንበር ይይዛሉ፤ ተቀናቃኝ ሲመጣ በትከሻቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አጉልተው ያሳያሉ፤ ሲረጋጉ ደግሞ በጥቁሩ ላባ ሥር ይሸፍኑታል። ከሳምንታት በኋላ የምትመጣው ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነች ጀማሪ ተመልካች የድንቢጥ ዘመድ ናት ብሎ ያልፋታል። የአንዱን የተለመደ ወፍ ጠባይ እንዲህ በዝርዝር ያየ ሰው ሌላውን ለማየት ዓይኑ ይሠለጥናል።

ሰዓትን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው በማርች ሁለተኛ እሑድ የሰዓት አቆጣጠሩ በአንድ ሰዓት ወደፊት መቀየሩ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ከለውጡ በፊት በፈረንጅ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣ የነበረችው ፀሐይ ከለውጡ በኋላ ከ7 ሰዓት አልፋ ትወጣለች፤ አንዳንድ ቡድኖችም የመነሻ ሰዓታቸውን ከወቅቱ ጋር ይለውጣሉ። ስለዚህ ባለፈው ወር የነበረውን ሰዓት ይዞ መሄድ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ለመድረስ ይዳርጋል። መነሻ ሰዓቱን ለወላጆችዎ ወይም ለዘመድዎ በአማርኛ ሲነግሩም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይተው ይንገሩ። ሁለተኛው ነገር የቀን ምርጫ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው የእሑዱን ጉብኝት አይቶ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መተው የለበትም፤ በሥራ ቀንና በቅዳሜ የሚካሄዱ ሌሎች አሉና።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስህተቱ የቀትሩን ሙቀት አይቶ መልበስ ነው። የማርች ማለዳ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጠጋ ይችላል፤ የወፍ ጉብኝት ደግሞ የእግር ጉዞ ይባል እንጂ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ቆሞ በመመልከት ስለሆነ ሰውነት በእንቅስቃሴ አይሞቅም። ደራርቦ መልበስ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ማድረግ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚንኮሻኮሽ ጃኬት አለመልበስ በቂ ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ጾመው የሚመጡ ሰዎች ሁለትና ሦስት ሰዓት በብርድ መቆም እንደሚያደክም አስቀድመው ቢያስቡበትና ደከም ሲላቸው ለመሪው ነግረው ቢመለሱ ማንም ቅር አይለውም። ሌላው የሚረሳው መዥገር ነው፤ ብዙ ሰው መዥገር የበጋ ነገር ይመስለዋል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ግን የአየሩ ሙቀት ከበረዶ ነጥብ ከፍ ባለ ቀን ሁሉ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የሱሪን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተትና ቤት ሲደርሱ ሰውነትን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ባይኖኩላርን በሚመለከት የሚፈጸሙት ስህተቶች ግን በዝርዝር ሊታዩ ይገባል፤ ሰዎች «ወፍ ማየት ለእኔ አልተሰጠኝም» ብለው የሚቀሩት ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነውና። ብዙዎች አጉልቶ የሚያሳየው ሁሉ የተሻለ ይመስላቸውና 12 ጊዜ የሚያጎላ፣ ወይም ማጉያው የሚለዋወጥ ዕቃ ይገዛሉ። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ የሚታየው ስፋትም ይጠባል፤ በዚህም ምክንያት ወፉን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ለጀማሪ የሚመከረው 8 በ42 የሚባለው ነው፤ 8 የማጉላት አቅሙን፣ 42 ደግሞ የፊተኛውን መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ይህ መጠን ገና ጎህ ሲቀድ ባለው ደብዛዛ ብርሃንም በደንብ ያሳያል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመግዛት በፊት መዋስ ነው፤ መሪዎች ትርፍ ባይኖኩላር ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለና አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

የተገዛው ወይም የተዋሱት ባይኖኩላር በራስ ዓይን ልክ ካልተስተካከለ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን አይረዳም። መጀመሪያ ሁለቱን በርሜሎች እያጠበቡ ወይም እያሰፉ አንድ ክብ ምስል ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነው። ከዚያ የቀኙን መስተዋት ሸፍኖ፣ በግራ ዓይን ራቅ ያለ ጽሑፍ ወይም ቅርንጫፍ እየተመለከቱ መሐል ባለው መዘውር ማጥራት፤ ቀጥሎም ግራውን ሸፍኖ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞሩ ያንኑ ነገር ማጥራት ነው። ከዚህ በኋላ ቀለበቱ አይነካም፤ የሚዞረው የመሐሉ መዘውር ብቻ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው በዓይን በኩል ያሉትን ጎማዎች ወደ ውስጥ ዝቅ ያድርጋቸው፤ የማያደርግ ደግሞ ያውጣቸው። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ፣ በመስኮት በኩል መለማመድ የሚገባው ነው። ወፍ ሲታይ ደግሞ ዓይንን ከወፉ ላይ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን ማምጣት እንጂ፣ አንገትን ደፍቶ ባይኖኩላሩን ፈልጎ ከዚያ ቅርንጫፎችን ማሰስ አይገባም።

ሌላው ስህተት ከባህላችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በግልጽ ልናገረው እፈልጋለሁ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። መሪው «አያችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ ቡድኑን ላለማዘግየት ብሎ ያላዩትን «አየሁት» ማለት ለሰው ከማሰብ የመጣ ቢሆንም፣ መሪውን ከሥራው ያስቀረዋል፤ የእርሱ ተግባር ወፉን ማሳየት ነውና። «አላየሁትም» ሲባል ከዛፉ ግንድ ጀምሮ፣ ሹካ የሠራውን ቅርንጫፍ አልፎ፣ ወፉ እስካለበት ድረስ በቃል ይመራል፤ ወይም ቴሌስኮፑን ያቀርባል። መሪዎች አቅጣጫን በሰዓት ቁጥር መናገር ያዘወትራሉ፤ የዛፉ ጫፍ 12 ነው፤ «ቱ ኦክሎክ» ካሉ በሰዓቱ ገጽ ላይ ቁጥር 2 የተጻፈበትን የላይኛውን የቀኝ ጎን ማለታቸው ነው። በልባችን ወደ አማርኛው ሰዓት ከለወጥነው ወደ ግራ ታች እንመለከትና ወፉ ያመልጠናል። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ወላጆችን ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳቸው፣ በጉብኝቱም ወቅት ከቡድኑ ጀርባ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢተረጉምላቸው ማንም አይረበሽም። በእንጨት መተላለፊያ ላይ ሲቆሙ ግን ወዲያ ወዲህ ማለት ሳንቃውን ያነቃንቃል፤ በቴሌስኮፕ የሚመለከተው ሰውም የሚያየው ምስል ይንቀጠቀጥበታል።

ስልክን በሚመለከት፣ የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው ሜርሊን የተባለው መተግበሪያ ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፍ ስም ይናገራል፤ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ስህተቱ የተናገረውን ሁሉ እንደ ማስረጃ መቀበል ነው። ሞኪንግበርድ የሚባለው ወፍ የሌሎችን ብዙ ወፎች ድምፅ እያከታተለ ያስመስላል፤ ብሉ ጄይም የጭልፊትን ጩኸት ያስመስላል። በማርች ረግረግ ውስጥ ደግሞ ስፕሪንግ ፒፐር የሚባሉት ጣት የማያህሉ እንቁራሪቶች ጩኸት ለጀማሪ ጆሮ የወፍ መንጋ ይመስላል። ስልኩ ስም ሲሰጥ ወፉን በዓይን ፈልጎ ማረጋገጥ፣ ወይም መሪውን መጠየቅ ይገባል። ከዚህ የከፋው የተቀዳ ድምፅ ከፍ አድርጎ በማሰማት ወፍ ለመጥራት መሞከር ነው። በጸደይ መግቢያ ወንዱ ወፍ ድንበሩን የሚያስከብርበት ጊዜ ስለሆነ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት መመገቡን ትቶ ይንከራተታል፤ በብዙ ብሔራዊ ፓርኮችም ድርጊቱ የተከለከለ ነው።

ወደ ጎጆ መጠጋትም በዚህ ወቅት ከባድ ጉዳት አለው። ብዙ ሰው ወፍ የሚፈለፍለው ቅጠል ከወጣ በኋላ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ራሰ ነጩ ንስርና ትልቁ ቀንዳም ጉጉት በማርች እንቁላል ታቅፈው ወይም ጫጩት ይዘው ይገኛሉ። እናቲቱ ደንግጣ ከተነሣች እንቁላሉ በብርዱ ሊበላሽ ይችላል። የፌዴራሉ መንግሥት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መመሪያ በመራቢያ ጊዜ ከንስር ጎጆ ቢያንስ 330 ጫማ፣ ማለትም 100 ሜትር ያህል መራቅን ይመክራል። የጉጉት ጎጆ ያለበትን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሠራጨትም ሰውን በብዛት ስለሚስብ መቅረት አለበት። ልጆች ይዘው የሚመጡ ወላጆች ደግሞ አንድ ሕግ ይወቁ፤ በ1918 በወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ መሠረት የአብዛኞቹን የአገሬው ወፎች ላባ፣ ወድቆ የተገኘ እንኳ ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም። ልጁ ላባውን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ እዚያው እንዲተወው ማስተማር ቀላል ነው።

የመጨረሻው ስህተት አንድ ቀን ብቻ መሄድ ነው። የዚህ ወቅት ትርጉሙ በመከታተል ውስጥ ነው። በማርች አጋማሽ ኦስፕሬይ የተባለው ዓሣ በሊታ ወፍ ወደ ፖቶማክ ይመለሳል፤ ፊቢ በድልድዮች ሥር መታየት ይጀምራል፤ ትሪ ስዋሎው በረግረጉ ላይ ይበራል፤ ወሩ ሲያልቅ ናትካቸር የምትባለው ትንሽ ወፍ ትደርሳለች፤ ዳክዬዎቹም በዚያው መጠን እየቀነሱ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ቦታውን ሳይለውጥ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ይህን ርክክብ በዓይኑ ያያል።

ማለዳ ብቻ መሄድም ከዚሁ ስህተት ይቆጠራል። አሜሪካን ውድኮክ የተባለው ረጅም ምንቃር ያለው ወፍ ትርኢቱን ለማየት የሚመቸው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ወንዱ ከሜዳው ላይ በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ እየደጋገመ ያሰማና ድንገት ተነሥቶ እየተሽከረከረ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ክንፎቹም ያፏጫሉ። ለዚህ የሚዘጋጁት የምሽት ጉብኝቶች ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነና ቅድመ ምዝገባ የሚጠይቁም ስላሉ፣ የየፓርኩን መርሐ ግብር ከፌብሩዋሪ ጀምሮ መመልከት ያስፈልጋል። ሲሄዱም የእጅ ባትሪን ወደ ወፉ አለማብራት፣ ወፉ መሬት ላይ ሳለም ከቆሙበት አለመንቀሳቀስ ግዴታ ነው።