በርጩማውን ጥቁር አትቀቡት፦ የቤት ዕቃና ቀለም ስናዋህድ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አዲስ ቤት ሲያልቅ ሥራው ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ይጀመራል። ግድግዳው ይቀባል፣ ሶፋ ይገዛል፣ ቡፌ ይታዘዛል፣ በመጨረሻ ከእናት ቤት የመጣው የዋንዛ በርጩማ የት ይቀመጥ ይባላል። መሆን ያለበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው።

ከግድግዳ ቀለም መጀመር

ቀለም በፈለጋችሁት ዓይነት ይበጠበጣል። ሴራሚክ ግን ሱቅ ውስጥ ካለው ውጪ አይገኝም፤ የእንጨት ቀለም ደግሞ ከዚያም ያነሰ ምርጫ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የማይለወጠውን ያዙ። አንድ የሴራሚክ ቁራጭ፣ በርጩማውን ራሱን (ወይም አናጢው የሚሠራበትን የእንጨት ቁራጭ) እና የሶፋውን ጨርቅ ናሙና ቤቱ ውስጥ ወለል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስቱ ከተስማሙ በኋላ የግድግዳውን ቀለም ምረጡ።

ናሙናውን ግድግዳው ላይ ሳይሆን 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡት። ከዚያ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ እየያዛችሁ ከእንጨቱ አጠገብ አቁሙት። በጅማ ክረምት ደመናው ሲከብድ ቤት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በበጋ ፀሐይ ሞቅ ያለ ክሬም የነበረው ግድግዳ ሐምሌ ላይ አመድ ሊመስል ይችላል። በአንድ ፀሐያማ ቀን የተመረጠ ቀለም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

«ቡኒ ቡኒ ነው» ማለት

አይደለም። እያንዳንዱ ቡኒ ወይ ወደ ቀይ፣ ወይ ወደ ቢጫ፣ ወይ ወደ ግራጫ ያዘነብላል። ሁለት ዕቃዎች አንዱ ጠቆር አንዱ ፈካ ቢል ችግር የለውም፤ የሚጣሉት የሚያዘነብሉበት ሲለያይ ነው። ለማወቅ አንድ ነጭ ወረቀት እንጨቱ ላይ አስቀምጡ። ከነጩ አጠገብ ቅላቱ ወይም ብጫቱ ወዲያው ይወጣል። ዋንዛ ሞቅ ያለ ነው፤ ሲቆይ ደግሞ እየጠቆረ ይሄዳል። ወደ ሰማያዊ ከሚያደላ ግራጫ ሴራሚክ ጋር ስታገናኙት ወለሉ ቆሻሻ፣ እንጨቱ ብርቱካናማ ይመስላል። የአሸዋ ወይም የቡና በወተት መልክ ያለው ሴራሚክ ግን ይቀበለዋል። ግራጫው ወለል አስቀድሞ ከተነጠፈ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሁለቱንም ቀለም የያዘ ምንጣፍ መሃል ላይ ማስገባት ይበቃል።

በርጩማውን ከቡፌው ጋር ይመሳሰል ብሎ መቀባት

እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ በዚህ ከተማ በተደጋጋሚ የሚሠራው ይህ ጥፋት ነውና፣ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ዕቃ ነው። ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ የሚላቀቅ መገጣጠሚያ የለውም። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይወዛወዝም። የተፈለፈለበት ዋንዛ እዚሁ አካባቢ ቡናውን ሲያጠል የኖረ ዛፍ ነው። ይህን ዕቃ አንስቶ «ከአዲሱ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ቡፌ ጋር ይሂድ» ብሎ ጥቁር ቡኒ የዘይት ቀለም መደረብ ውድ የሆነውን ርካሹን እንዲመስል ማድረግ ነው። የኤምዲኤፉ ገጽ የታተመ ልባጥ ነው፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ያው የእንጨት መስመር ተመልሶ ይደገማል። የበርጩማው መስመር ግን አይደገምም። በቀለም ስትሸፍኑት ሁለቱ አንድ አይሆኑም፤ ያጠፋችሁት ቤቱ ውስጥ የነበረውን አንዱን እውነተኛ እንጨት ነው።

ደግሞም ቀለሙ አይበረክትም። ለዓመታት የእጅ ቅባት፣ ጢስና ቅቤ የጠጣ ገጽ የዘይት ቀለም አይዝም። በርጩማ በየቀኑ ይነሳል፣ ይጣላል፣ ከግድግዳ ይጋጫል። ጥቂት ወር ሳይቆይ ጠርዙና እግሩ ላይ ተላልጦ ፈካ ያለው እንጨት ብቅ ይላል። ያኔ ሁለተኛ እጅ ይደረባል፤ የተቀረጸው ጌጥም በቀለም ይደፈናል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ በርጩማውን ገልብጣችሁ እዩ። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳና ትኩስ ዱቄት ካለ እንጨት የሚበላ ነፍሳት አለበትና መድኃኒት ሳይደረግለት ሌላ ሥራ አትጀምሩ። ከዚያ ቲነር በነካ ጨርቅ ቅባቱን ጥረጉ፤ መስኮት ክፍት፣ እሳት ሩቅ ይሁን። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180፣ መጨረሻ በ240 ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ አሹት። የተቀረጸውን ክፍል ግን በ240 ብቻ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት። አቧራውን እርጥበት ባለው ጨርቅ አንሱና አድርቁት። አንድ እጅ ሲለር (የእንጨቱን ቀዳዳ የሚደፍን የመጀመሪያ ቅብ) ቀቡ፤ ሲደርቅ በ240 በስሱ አሹት፤ በላዩ ሁለት እጅ ቀጭን፣ የማያብረቀርቅ፣ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ድረቡ፤ በሁለቱ መሃል አንድ ቀን ይለፍ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ከታች፣ መቀመጫው ሆድ ላይ ሞክሩት፤ ቫርኒሽ እንጨትን ሁልጊዜ ያጠቁራል፣ በዘይት የተሠራው ደግሞ ትንሽ ብጫት ይጨምራል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን አትቀቡ። የተቀባው ላከር (ቶሎ የሚደርቅ የቫርኒሽ ዓይነት) ከሆነ እርጥብ አየር ላይ ነጭ ዳመና ያወጣል።

ቡፌውንና በርጩማውን ማስታረቅ ከፈለጋችሁ የሚነካው ቡፌው ነው። የላይኛውን ገጹን ብቻ በዋንዛ ጣውላ ቀይሩት፤ ሌላው ይቆይ።

ያልደረቀ እንጨት ማሠራት

ጅማ ዝናቧ ከበልግ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል፤ ገበያ ላይ የቆመ ጣውላ ደረቅ ነው ቢባልም ብዙ ጊዜ አይደለም። እርጥብ እንጨት ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ውሃው ሲወጣ ቫርኒሹን ያሳብጠዋል። ጣውላው ደግሞ በወርዱ ስለሚኮማተርና ስለሚጣመም የቡፌው በር አልዘጋም ይላል፣ መሃሉም ይሰነጠቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከጣውላው ቁራጭ አስቆርጣችሁ በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። አናጢው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ከተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ሰሌዳ) ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ይጎዳሉ፤ ውሃ ከጠጡ ያብጣሉ፣ ወደ ነበሩበትም አይመለሱም። ወለል ሲታጠብ ውሃ የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ስለሆነ እግሩን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደርጉ፤ ከግድግዳውም 5 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ አየር ይለፍበት።

ነጭ አምፖል

6500 ኬልቪን (የብርሃኑ መልክ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ሞቅ ይላል) የሚል አምፖል ያለበት ሳሎን ውስጥ የትኛውም ዋንዛ አመድ ይመስላል። 3000 ኬልቪን የተጻፈበትን ግዙ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅሉ። የዕቃ ሱቆች ብዙዎቹ ነጭ መብራት ስለሚያበሩ ሶፋ ስትገዙ ናሙናውን ይዛችሁ ደጅ ውጡ።

ሁሉም ይብረቅረቅ ማለት

የሚያብረቀርቅ ወለል፣ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ቡፌ። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ የስቱኮው እብጠት ሁሉ ይታያል። ግድግዳው ደብዛዛ፣ እንጨቱ ለስለስ ያለ ወዝ ያለው ይሁን፤ ብልጭታውን ለስኒውና ለመስታወቱ ተዉት።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ቀለም

ሳሎን ውስጥ ከሦስት የእንጨት ቀለም አትለፉ፤ እያንዳንዱም ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታይ። ብቻውን የቆመ የዋንዛ በርጩማ የተረሳ ዕቃ ይመስላል። የመጋረጃው ዘንግ ወይም የፎቶው ክፈፍ ዋንዛ ሲሆን ግን የታሰበበት ይሆናል። አንድ ቁስ እየተደጋገመ ቤትን እንዴት እንደሚያስተሳስር ማየት የሚፈልግ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነቶች ይመልከት። እጀታና ማጠፊያም እንዲሁ ነው፤ ወርቃማ ወይ ብርማ፣ አንዱን።

ከፍታን መርሳት

ቀለሙ ተስማምቶ ክፍሉ አሁንም የተበታተነ ከመሰለ ሜትር አምጡ። የሶፋ መቀመጫ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በርጩማ ከዚያ ዝቅ ይላል። ትልቅ ሶፋ መሃል የተወረወረ በርጩማ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ቡና የምታፈላዋም ከእንግዶቹ ጉልበት ጋር ታወራለች። ዝቅ ያለውን ሁሉ አንድ ጥግ ሰብስቡት፦ ረከቦቱ፣ በርጩማዎቹ፣ ዝቅተኛ መደብ፣ ከሥራቸውም አንድ ምንጣፍ። ከሶፋው በኩል ያለው ጠረጴዛ ከመቀመጫው እኩል ወይም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን፤ በመሃላቸው 45 ሴንቲ ሜትር ተዉ። በሶፋው በኩል የሚነጠፈው ምንጣፍ የሶፋውን የፊት እግሮች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ማስገባት አለበት። ከሰል የሚቀመጥበት ጥግ ላይ ግን ምንጣፉ ሳር ወይም ሰሌን ከሆነ ከምድጃው ሥር ሴራሚክ ቁራጭ አድርጉ፤ ፍም ይወድቃል።