«ባክ ኢን ብላክ»ን በደብረ ብርሃን ብርድ ለመስማት

«ባክ ኢን ብላክ» ኤሲ/ዲሲ የተባለው የሮክ ባንድ አልበም ነው። በስልኩ ስፒከር አትስሙት፤ ይበላሻል። ደህና ኢርፎን ፈልጉ፣ ማታ ጋቢ ደርባችሁ ተቀመጡ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ዘፈኖቹን በተራቸው አጫውቱ። መጀመሪያ ደወል ይመጣል፤ ቀስ ያለ፣ ከባድ። እንዳትዘሉት፤ የሐዘን ደወል ነው! የኤሲ/ዲሲ ድምፃዊ ቦን ስኮት የካቲት 1980 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ አልበሙ በብራያን ጆንሰን ድምፅ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣ። ሽፋኑ የጠቆረውም ለሐዘን ነው።

ከዚያ ጊታሮቹን ለዩ። አንዱ በግራ ጆሮ፣ አንዱ በቀኝ ይገባል። የባንዱ ጊታሪስት ማልኮም ምቱን ይዞ ንቅንቅ አይልም፤ ወንድሙ አንገስ ከላይ ይፈነጫል። ሰው ሁሉ ሶሎውን ያደንቃል፤ እኔ ግን ለማልኮም አደላለሁ። የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን ደግሞ በምቶቹ መሃል ያለችውን ዝምታ አድምጡ። አንገት የምታስነቀንቀው እሷ ናት።

ጠቅላላው 42 ደቂቃ ገደማ ነው። ስልኩን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት፤ መብራት አይታመንም።