«አፍሪካዊነት ይሰማዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ

የአፍሪካን ውህደት ማጥናት የሚፈልጉ የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት አዲስ አበባ ነው፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ላይ ያለችው ሞያሌም በአውቶቡስ ትደረሳለች። የሚያመጡት የጥናት ዕቅድ ላይ ግን ያው ስህተት ይደጋገማል። ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ብታርሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስምምነት ስለተፈረመ ኑሮ ተለወጠ ብሎ መነሣት አንዱ ነው። የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተቀባይነት አገኘ። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ከዓመታት በኋላም ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። «ፕሮቶኮሉ በድንበር ነዋሪው ላይ ያመጣው ለውጥ» የሚል ርዕስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እንግዲህ ምኑን ሊለካ ነው?

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ግን መጠይቁ ነው። ሞያሌ ወርዶ፣ ወረቀት ይዞ፣ «አፍሪካዊነት ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅ። እስቲ አስቡት። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ ኬላ ላይ ቆመዋል። ቦሎቄያቸው ጋሪ ላይ ነው። ፀሐዩ ያናድዳል። አንድ ልጅ መጥቶ ስለ አህጉር ስሜታቸው ይጠይቃቸዋል። «አዎ ልጄ» ይላሉ። ምን ይበሉ? ልጁ ያቺን «አዎ» ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባታል። እንግዳን ላለማሳፈር የተባለች ቃል የአህጉር ማንነት ማስረጃ ሆና አረፈችው!

ዛሬ ምን ይዘው ተሻገሩ? ማን አስቆመዎት? የትኛውን ወረቀት ጠየቀዎት? በብር ሸጡ ወይስ በሽልንግ? የዕለቱን ምንዛሬ ከማን ሰሙ? ዕቃው ቢያዝ ለማን ይደውላሉ? ማዶ ሲመሽብዎት ማን ቤት ያድራሉ? እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አብረው የሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ በ2020 ተመርቋል። ጣቢያው የሚያስተናግደው ማንን ነው? ማንስ በጓሮ ይሻገራል? የጓሮውን መንገድ የሚያውቁት እኚያው ሴትዮ ናቸው።

ቦረናንም ተመልከቱ። በኢትዮጵያም በኬንያም ይኖራል። በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ጠቅላላ ጉባኤው ሲጠራ ከኬንያ በኩል ያሉትም ይመጣሉ። ሕግ ይታወጃል፣ የከረመ ክርክር ይዳኛል። ከዚህ በላይ ድንበር የሚሻገር ፖለቲካ ከየት ይምጣ? መጠይቁ ላይ ግን አንዲት መስመር አልተተወለትም።

«ዲፕሎማት አይጠናም» የሚሉም አሉ። ይጠናል። አንትሮፖሎጂስቶቹ ማርክ አቤሌስ፣ ኢሬን ቤሊዬና ማሪዮን ማክዶናልድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ኮሚሽንን ሠራተኞች ቢሯቸው ድረስ ገብተው አጥንተዋል፤ ያውም ኮሚሽኑ ራሱ ጠይቋቸው። እኛ ዘንድ በሩ ይጠባል። የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፤ ባጅ የሌለው ድርሽ አይልም። ግን ዋናው ሥራ ያኔ አይደለም። ቀደም ብሎ የአባል አገሮቹ አምባሳደሮች የሚቀመጡበት የቋሚ መልእክተኞች ኮሚቴ በውሳኔው ረቂቅ ላይ ቃል በቃል ይጨቃጨቃል። ያልተስማሙበት ሐረግ ቅንፍ ውስጥ ይቆያል። ያንን ቅንፍ ተከተሉት። ማን አስገባው? ከየትኛው አገር ስልክ ተደውሎ ተነሣ? ይህን ከአምባሳደሩ ይልቅ አስተርጓሚው ወይም ሰነድ የሚያባዛው ሠራተኛ አብራርቶ ሊነግራችሁ ይችላል።

አንዲት ተማሪዬ ባጅ ስትከለከል ሳር ቤት አካባቢ ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት መዋል ጀመረች። የትኞቹ ልዑካን በአንድ መኪና እንደሚሄዱ፣ እነማን አብረው እንደሚያመሹ የሰማችው እዚያ ነው። ከጽሑፏ ሁሉ የምወደው ያንን ምዕራፍ ነው።

አዲስ አበባን ብቻ አይታችሁም «ኅብረቱ» አትበሉ፤ ፓርላማው ሚድራንድ፣ ፍርድ ቤቱ አሩሻ፣ የነጻ ንግድ ቀጣናው ጽሕፈት ቤት አክራ ነው።

አውሮፓን መለኪያ ማድረግ ሌላው ነው። «አፍሪካ ከአውሮፓ ወደ ኋላ ቀርታለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳገኝ እሰርዘዋለሁ። የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት የተመሠረተው በ1910 ነው፤ የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ስምምነት በ1951 ተፈረመ። በዕድሜ ከሆነ ማን ቀደመ? በዚያ ላይ መነሻቸው ለየቅል ነው። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሪዎች ትልቁ ጭንቀታቸው በቅኝ ግዛት የቀሩት አገሮች ነበሩ፤ ለዚህም የነጻነት ኮሚቴ አቋቁመው ዳሬ ሰላም አስቀመጡት። በዓመቱ ካይሮ ላይ ደግሞ ነጻ ሲወጡ የተረከቡት ድንበር እንዲከበር ወሰኑ። እንዳይነካ የተማማሉበት ድንበር ላይ ቆመው አንድ ለመሆን የሚሞክሩ አገሮች ናቸው። መነሻችሁ ይህ ይሁን፤ የብራስልስን ልክ አምጥታችሁ አታልብሷቸው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ማስታወሻችሁ ላይ ስም አትጻፉ። ልባሽ ጨርቅ የሚያሻግሩ ሴት አምነው የነገሯችሁ መንገድ፣ ኬላ ላይ ቦርሳችሁ ቢፈተሽ እሳቸውን ያስይዛል። ሰፈሩን ቀይሩ፣ ቀኑን አደባልቁ፣ ፎቶ አታንሡ። የቀዳችሁትን ድምፅም ማታ ማታ ወደ ማስታወሻ ገልብጡና ከስልካችሁ አጥፉት።