የአባቴ ኪኒንና የአሞራ ገደል ዓሣ፦ ከፓርኪንሰን ጋር ስንኖር የሠራናቸው ስህተቶች

አባቴ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። መቀሱን ሲያነሳ እጁ ጸጥ ይላል። አስቀምጦት እጁን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ ግን አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ክኒን እንደሚያድበለብል ሰው እየተፋተጉ ይንቀጠቀጣሉ። እኛም «ሥራ ላይ የማይንቀጠቀጥ እጅ ምን ይሆናል?» እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ኋላ ግን ፓርኪንሰን የተባለ የአንጎል ሕመም መሆኑ ታወቀ። ስህተቶቻችን የጀመሩት ከዚያ ነው።

«እርጅና ነው» ማለት

የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ጠባዩ እንዲያ ነው፤ እጅ ሲያርፍ ይመጣል፣ ሥራ ሲይዝ ይቀንሳል። ጨርሶ የማይንቀጠቀጡ ሕሙማንም አሉ። እነሱ ላይ ጎልቶ የሚታየው መዘግየትና የሰውነት መገተር ነው፤ ቁልፍ መቆለፍ ይከብዳቸዋል፣ ሲራመዱ አንድ እጃቸው አይወዛወዝም፣ የእጅ ጽሕፈታቸው ያንሳል፣ ድምፃቸው ይሰልላል። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ዓመታት ቀድሞ ይመጣል። እናቴ የተቆላውን ቡና ይዛ ስትዞር አባቴ «ዛሬስ ሽታ የለውም» ይል ነበር። ቡናውን ወቀስን እንጂ አፍንጫውን አልጠረጠርንም። ሌሊት በሕልሙ እየጮኸ መራገጡም፣ ሆዱ መድረቁም ከዚሁ ሕመም ጋር ይሄዳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስንነቃ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድንና ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስንዞር ገንዘብ ጨረስን። ለፓርኪንሰን እንደ ወባ ደም ተሰጥቶ ውጤቱ የሚነገርበት የተለመደ ምርመራ የለም። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹንም ያያቸው መንገድ ላይ ነበር። ዛሬም ዋናው መሣሪያ አረማመድን፣ የጣትን ፍጥነትና የክንድን መገተር የሚመረምር የነርቭ ሐኪም ዓይንና እጅ ነው። አንጎልን የሚያነሳው ኤም አር አይ የሚታዘዘው በአብዛኛው ሌላ ሕመም አለመኖሩን ለማጣራት ነው።

ኪኒኑን ከምሳ ጋር መዋጥ

ብዙ ያስከፈለን ይህ ነው። ለአባቴ የታዘዘለት ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ የያዘ ኪኒን ነው። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል፤ ዶፓሚን አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዝበት ንጥረ ነገር ነው፣ በዚህ ሕመም የጎደለውም እሱ ነውና። ካርቢዶፓ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንወስደው ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ፍርፋሪ ሲጠብቁ እያየ ዓሣ ጥብሱን ይበላል፣ ኪኒኑን በላዩ ላይ ይውጣል። ሁሌም ከሰዓት በኋላ እግሩ መሬት ላይ እንደተሰፋ ሆኖ ይቀራል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዶት ነው ብለን መጠኑ ይጨመርልን እስከማለት ደረስን። ሐኪሙ መጠኑን ከመንካቱ በፊት የጠየቀው «ምን በልተው ነው የሚውጡት?» ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣም ሆነ ሥጋ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል ሲፈጭ የሚወጣው የፕሮቲን ቅንጣት ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚገባው ሌቮዶፓ በሚገባበት በር ነው። በሩ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ኪኒኑ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ካልሆነም ምግቡ ጋብ ካለ በኋላ በውኃ ይዋጣል። ማቅለሽለሽ ካስቸገረ ቁራሽ ዳቦ ወይም ደረቅ ብስኩት አብሮ መብላት ይቻላል። የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰውም ሁለቱን ማራራቅ አለበት።

«ታዲያ ጾም ይጠቅመዋል ማለት ነው» ያሉን ነበሩ። ሽሮውና ምስሩም እኮ ፕሮቲን ነው! ለእኛ የረዳን ቆጮ ነው፤ ከሞላ ጎደል ኃይል ሰጪ ምግብ ብቻ ስለሆነ ከኪኒኑ ጋር ብዙም አይጋፋም። ቀን ቆጮና አትክልት አደረግንለት፣ ዓሣው ወደ ራት ዞረ። ይህን ሁሉም ሰው ያድርግ አልልም፤ ዓሣና ሥጋ ጨርሶ የከለከሉ ቤተሰቦች በሽተኛቸውን አክስተውታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ የጠዋቱንና የቀትሩን ኪኒን ከማለፉ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያነጋግር።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ባቄላ እሸት በዘንቢል አመጡልን፤ «መድኃኒቱ የሚሠራው ከዚህ ነው» ብለው። ፈጽሞ ተሳስተዋል አይባልም፤ ሌቮዶፓ እ.ኤ.አ. በ1913 ተለይቶ የወጣው ከባቄላ ነው። ግን በአንዱ እሸት ውስጥ ያለው መጠን ከሌላው ይለያል፣ ሲደርቅና ሲበስል ደግሞ ይቀንሳል። በኪኒን ላይ ሲደረብ ሰውነት ሳይፈልግ እንዲጠማዘዝ ሊያደርግ ይችላል። እሸቱን ልጆቹ በሉት።

መድኃኒቱን በአንድ ቀን ማቆም

ይህ ስህተት ሆስፒታል ያስተኛል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገተራል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ አእምሮ ይምታታል፤ ሕይወትም ሊጠፋ ይችላል። የሚቆመውም የሚቀነሰውም በሐኪም ትእዛዝ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። የሚቋረጥበት ምክንያት ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ጸበል ሲገባ ይተወዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጸበሉና ኪኒኑ አብረው ይሄዳሉ ብላ ማስተማሯን የዘነጋ ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ የመጨረሻዋን ኪኒን እስኪውጥ ቆይቶ ፋርማሲ ሲሄድ «አልቋል» ይባላል። እኛ የሁለት ሳምንት ኪኒን ሲቀረን ፍለጋ እንጀምራለን፤ ሐዋሳ ከጠፋ ሻሸመኔ፣ እዚያም ከጠፋ አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ስልክ ይደወላል።

በርካሽ የሚገኘውን ትራይሄክሲፈኒዲል ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥም ሌላ ጣጣ አለው። መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን መርሳትን፣ የሌለ ነገር ማየትንና ሽንት መከልከልን ሊያመጣ ይችላል።

«ፓርኪንሰን አለብኝ» ሳይሉ መርፌ መወጋት

አንድ ቀን አስመለሰውና በአንድ ክሊኒክ ፕላሲል ተወጋ። በማግስቱ አልጋው ላይ መገላበጥ አቃተው። ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ዶፓሚን የሚሠራበትን ቦታ ይዘጋል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፐሪዶልም እንደዚያው ነው። ጥፋቱን የባለሙያው ብቻ አላደርገውም፤ ሕመሙን አልነገርነውም ነበር። አሁን አባቴ የደረት ኪሱ ውስጥ የሕመሙ ስም፣ የኪኒኑ ሰዓትና የማይስማሙት መድኃኒቶች የተጻፉባት ወረቀት አለች። ለወረቀቷ የጨርቅ ከረጢት የሰፋላት ራሱ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶበታል።

በፍቅር ማሰር

እናቴ «አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች፣ ቁልፉን ትቆልፍለታለች፣ ጫማውን ታስርለታለች። ጡንቻው ይበልጥ የተገተረው በዚያ ሰሞን ነው። በዚህ ሕመም እንቅስቃሴም እንደ ኪኒኑ ሁሉ የሕክምናው አካል ነው። አሁን መድኃኒቱ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዤው እወጣለሁ።

በር ላይ ወይም ባጃጅ ሊገባ ሲል እግሩ ድርቅ ካለ መጎተት አይገባም፤ ወደ ፊት ይደፋል። ቆሞ ይተንፍስ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር፣ ከዚያ መሬት ላይ ያለ መስመር እንደሚሻገር እግሩን ያንሳ። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠርም ይረዳል። ከስግደት ወይም ከአልጋ ሲነሳ ደግሞ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ ትንሽ ቁጭ ብሎ ይቆይ። መቋሚያው ለቅዳሴ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ፊቱ የማይፈታ ስለሆነ እንግዳ «ጋሼ ተቀየሙን?» ይላል። የፊት ጡንቻ ስለተገተረ እንጂ አልተቀየመም። ግን ሁሉንም በጡንቻ ማሳበብም አያዋጣም፤ ድብርት ራሱ የሕመሙ አካል ነው፣ ይታከማልም። እኛ ለሐኪም የነገርነው ዘግይተን ነው።

ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት

ቀጠሮ ሲደርስ አባቴ ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ኪኒኑ በሠራበት ሰዓት ቀጥ ብሎ ይገባና «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሐኪሙ ያየው ጥሩውን ሰዓት ብቻ ነው። አስር ሰዓት ላይ ኪኒኑ ሲያልቅበት ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀር አላየም። ስለዚህ ክፉውን ሰዓት በስልኬ እቀርጸዋለሁ። እሱም የደንበኞቹን ልክ ይጽፍባት በነበረች አሮጌ ደብተር ላይ፣ ከወገብና ከትከሻ ቁጥሮች ቀጥሎ በተረፈው ባዶ ገጽ፣ የዋጠበትን፣ የቀለለውንና የከበደውን ሰዓት ያሰፍራል። ፊደሎቹ ደቀቅ ብለዋል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ገጹን ወደ ዓይኑ ያስጠጋና የአራት ሰዓቱን ኪኒን ወደ ሦስት ተኩል ያመጣዋል።